ለጨለማው አዳራሽ ሙሴ ይሾምለት

ግልጽ ደብዳቤ
ለጎንደር ከተማና ለአካባቢው የሲኒማ ቤት፣ የአዳራሽና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች፣
ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣
በጨለማ አጠገብ ለአጠገብ ለምንቀመጥ ተመልካቾች ሁሉ



ይህን የምጽፍላችሁ ከኮሶዬ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆላው እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ቁልቁል የሚታይበት፣ ጭላዳ ሣር ሲግጥ የሚውልበት ደጋ ነው። ብዙዎቻችሁ መኪና አቁማችሁ ፎቶ ተነሥታችሁበታል። እኛ ዘንድ ሲኒማ ቤት የለም። ፊልም በአዳራሽ ማየት ያማረው ሰው ጎንደር መውረድ አለበት። ለከተማው ሰው አንድ ትኬት የአንድ ትኬት ዋጋ ነው። ለእኛ ግን የመኪና ደርሶ መልስ፣ የምሳ፣ የአንድ ቀን ሥራ፣ መሽቶ መንገድ ከጠፋም የአልጋ ኪራይ ይጨመርበታል። ከዚህ በታች የምለውን ስታነቡ ይህን አስቡልኝ።

ባለፈው በጋ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አባቴን ፊልም ላሳያቸው ይዣቸው ወረድሁ። አባቴ ሰባን አልፈዋል። ቴሌቪዥን ለእሳቸው ብርቅ አይደለም፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው ዜናም ኳስም አይተዋል። ሲኒማ ቤት ግን ገብተው አያውቁም ነበር። በዋዜማው ጋቢያቸው ታጥቦ ተሰጣ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ተጠንቅቀው ለበሱ። ወለቃን አልፈን ከተማ እስክንገባ ድረስ ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ቤቱ ነበር የሚጠይቁኝ፤ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ሴትና ወንድ አብሮ ይቀመጥ እንደሆነ፣ ጫማ ይወልቅ እንደሆነ። በር ላይ የተሰጣቸውን ትኬት እስከ መጨረሻው ከእጃቸው አልለቀቁትም።

የአዳራሹን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በሌሎች አዳራሾች ተመሳሳዩን አይቻለሁ።

ፊልሙ የአማርኛ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ ልጅና የታመመች እናቱ። አባቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ ገብተውበታል። ልጁ በሩን ሲያንኳኳ "ይኸው መጣ!" አሉ፤ ከኋላችን የነበሩ ሴቶችም አብረው እልል አሉ። ወደ መጨረሻው እናትዬው ልጇን በእጇ ጠቅሳ አስጠጋችው፤ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ይኼኔ ከፊታችን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ስልክ በሙሉ ድምፁ ዘፈን ለቀቀ። ባለቤቱ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ደረሰ። ካገኘው በኋላም አላጠፋውም። አነሣው። "ሃሎ! ... ፊልም ቤት ነኝ! ... የለም የለም፣ ማውራት እችላለሁ!" አለ። አንዱ "ዝጋው!" ብሎ ጮኸ። ሌላው "አንተ ምን አገባህ?" ብሎ መለሰለት። በግራ በኩል አንዲት ልጅ ደግሞ ጠቡን በስልኳ መቅረጽ ጀመረች፤ የስልኳ መብራት ግማሹን አዳራሽ አበራው። ሁሉም ነገር ሲረጋጋ በመጋረጃው ላይ እናትዬው ሞታ ነበር።

አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"የዚህ ቤት ሙሴ ማነው?"

ለከተማ ልጆች ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሰው ያለ ኃላፊ አይሰበሰብም። ማኅበር ሲወጣ ሙሴ አለ። ጠላው እየተቀዳ፣ ጨዋታው ሞቆ፣ ድምፅ ከድምፅ ሲጋጭ ሙሴው ይነሣል፤ የጠጣውም ያልጠጣውም ይሰማዋል። የሚሰማው ጉልበት ስላለው አይደለም፤ ማኅበርተኛው ራሱ ስለመረጠው ነው። ሠርግ ቤት አሳላፊ አለ። ለቅሶ ቤት መቼ እንደሚለቀስ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ መቼ "በቃ፣ አፅናኑ" እንደሚባል የሚያውቅ ሽማግሌ አለ። ዛፍ ሥር ለሽምግልና ሲቀመጡ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ የሚገሥጽ ዳኛ አለ። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያዩ ስለኖሩ፣ መቶ ምናምን ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ በጨለማ ተቀምጦ፣ አንድም ኃላፊ የለበትም ብለው ሊያስቡ አልቻሉም። ትኬት የቆረጠው ልጅ መስሏቸው ወደ በሩ ዞረው አዩ። ልጁ ውጭ ነበር።

የሚያሳዝነኝ የአንዱ ሰው ስልክ መጮኹ ብቻ አይደለም። ስልክ ለማንም ይጮኻል፤ ለእኔም ጮኾ ያውቃል። የሚያሳዝነኝ ከጮኸ በኋላ የሆነው ነው። ጉዳዩ ለተመልካቾች ጠብ ተተወ።

በዚህ ነገር ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታልና አንድ ነገር በግልጽ ልበል። የምጠይቀው የመቃብር ጸጥታ አይደለም። የጎንደር ሰው ዝም ብሎ የሚያይ ተመልካች ሆኖ አያውቅም፤ እንዲሆንም አልመኝም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም "ተቀበል!" የሚለው ማነው? አድማጩ ነው። ግጥሙን ሰጥቶ፣ አዝማሪው ተቀብሎ፣ ዘፈኑ የሁለቱም ይሆናል። የቅኔ ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ቅኔው ሲያምር ጉባኤው "ይበል! ይበል!" ካላለ ባለ ቅኔው ቅር ይለዋል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ለተበደለ የሚያለቅስ፣ ጨካኙ ሲወድቅ የሚያጨበጭብ፣ "ከኋላህ ነው፣ ዙር!" ብሎ ለተዋናዩ የሚጮኽ ተመልካች የዚህ ዘር ነው። አባቴ "ይኸው መጣ!" ሲሉ ማንም አልተቆጣም፤ ሁላችንም ከእሳቸው ጋር መጥተን ነበርና።

የዚህ ጩኸት ትልቁ ምስክር ደግሞ የጎንደር ልጅ ነው። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለዱ፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። ኃይሌ ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ ደጋግመው የሚያነሡት ታሪክ አለ። ልጆች ሆነው የታርዛን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከታርዛን ኋላ እያደቡ ሲመጡ፣ እነሱ የጎንደር ልጆች ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኹ ነበር። ከፊልም ቤቱ ወጥተውም በጎንደር ተራሮች ላይ ካውቦይና ቀይ ሕንዳዊ ሆነው ይጫወታሉ፤ ሁሉም ካውቦይ መሆን ነበር የሚፈልገው። ኋላ አሜሪካ ሄደው ፊልም ሲማሩ፣ በገዛ ወንድማቸው ላይ ሲጮኹ እንደነበር ገባቸው። "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን በ1976፣ "ሳንኮፋ"ን በ1993፣ "ጤዛ"ን በ2008 እ.ኤ.አ. የሠሩት ከዚህ ንቃት በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚገርመኝ የመታለሉ ጥልቀት ነው። ያ ልጅ የጮኸው ሙሉ ለሙሉ ፊልሙ ውስጥ ስለነበረ ነው። በዚያች ሰዓት ዓይኑን ስልክ ላይ ጥሎ ቢሆን አይታለልም ነበር ይሆናል፤ ነገር ግን ኋላ የሚነቃበትም ነገር አይኖረውም ነበር። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ፊልም ቤት ከተቀመጡት ልጆች መሐል ነገ ካሜራ የሚይዝ ይኖራል። በሹክሹክታ የተነገረች ቃል መቶ ሰው እንዴት ትንፋሽ እንደምታሳጥር የሚማረው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት የለውም።

ስልኩ ከእልልታውና ከጩኸቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሚጮኸው ሰው ከእኛ ጋር አለ። ስልክ የሚያወራው ግን ገላውን ትቶልን ሌላ ቦታ ሄዷል፤ እኛንም ጎትቶ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ፈትነውት ነበር። ሰዎች ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ይዘው ሳለ የስልክ ጭውውት አሰሟቸው። ሁለቱንም ተነጋጋሪ ከሰሙት ይልቅ የአንዱን ወገን ብቻ የሰሙት ይበልጥ ከሥራቸው ተዘናጉ። አእምሮ የጎደለውን ግማሽ ለመሙላት ሳይወድ ይደክማል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም በዚያች ቀን ከእናትዬው ሞት ይልቅ የዚያ ሰውዬ ደዋይ ምን እንዳለው ነበር የማስበው።

ድምፁን ያጠፋውም ቢሆን ነጻ አይደለም። ብዙ ሰው "እኔ አላወራሁም፣ መልእክት ብቻ ነው ያየሁት" ይላል። ዓይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። አንድ የስልክ መብራት ግን በቅጽበት ያፈርሰዋል። ባለ ስልኩ ወደ ታች ስለሚያይ አይታወቀውም፤ ከኋላው ባሉት ረድፎች የተቀመጥን ሁሉ ግን እናየዋለን።

መጋረጃውን በስልክ ስለሚቀርጹት ብዙ አልልም። ይህ ከነውርም አልፎ የሕግ ጉዳይ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአማርኛ ፊልም የሚሠራ ሰው ያወጣውን ገንዘብ የሚመልሰው በመጀመሪያ ከእነዚህ ወንበሮች ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ባለ ስልኩ ልናገር፤ እሱንም አውቀዋለሁና። ስልካችሁን ዝጉ ማለት ለከተማ ሰው ቀላል ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ግን ቤቱን ትቶ ነው የመጣው። ምጥ የያዛት ሚስት ትኖረዋለች። ሐኪም ቤት የተኛ ወንድም ይኖረዋል። በዚህ በእኛ ክልል ደግሞ ባለፉት ዓመታት የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ወራት ተዘግቶ ሰው የወዳጁን ድምፅ ተጠምቶ ከርሟል። መንገድ ተከፈተ፣ ተዘጋ የሚለውን ወሬ የምንሰማው በስልክ ነው። መርዶም የሚመጣው በስልክ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ "ስልክህን አጥፋና ሁለት ሰዓት ተቀመጥ" የሚለው ትእዛዝ ብዙውን ሰው ውሸታም ያደርገዋል፤ አጠፋሁ ይላል፣ አያጠፋም። ስለዚህ ማጥፋትን አልጠይቅም። ድምፁ ይጥፋ፣ መብራቱ ከኪስ አይውጣ፣ የግድ ከሆነ ሰውዬው ይውጣና በረንዳ ላይ ያውራ። የሚጠበቅ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ሲገባ ይናገርና ከበሩ አጠገብ፣ ከረድፉ ጫፍ ወንበር ይሰጠው። ያ ሰው እንዲህ ቢደረግለት ያመሰግናል እንጂ አይቆጣም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደያዘው ሳነብ ከርሜያለሁ። የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ አወጣ፤ ሲኒማ ወይም ቴአትር ውስጥ ስልኩ የጮኸ ሰው 50 ዶላር እንዲቀጣ። ከንቲባው ማን ሊያስፈጽመው ይችላል ብለው ተቃውመውት ነበር፤ ምክር ቤቱ ተቃውሟቸውን ሽሮ አጸደቀው። እኔ በዚህ ከከንቲባው ጋር ነኝ፤ ለስልክ ጩኸት ፖሊስ አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኤ.ኤም.ሲ. የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የሲኒማ ድርጅት ወጣቶችን ለመሳብ መልእክት መጻጻፍ የሚፈቀድባቸው አዳራሾች ስለ መክፈት ሐሳብ አነሣ። ተመልካቹ ክፉኛ ተቆጣ፤ ድርጅቱም በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ተወ። ወጣቱ ይህን ነው የሚፈልገው የምትሉ ባለቤቶች ይህን አስታውሱልኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ በፍሎሪዳ የሆነው ነው። ፊልሙ ገና ሳይጀመር፣ ማስታወቂያ እየታየ፣ አንድ ሰው መልእክት ሲጽፍ ከኋላው የተቀመጠ ጡረተኛ ፖሊስ ተቆጣው። ቃል ተለዋወጡ። ጡረተኛው ሽጉጥ አወጣና ገደለው። ሟቹ የልጅ አባት ነበር። በዚያ ቀን ጎንደር ውስጥ "ዝጋው!" "ምን አገባህ?" የተባባሉትን ሁለት ሰዎች በጨለማ ሳይ ይህ ታሪክ ነበር ትዝ ያለኝ። የእኛ አገር ሰው ክብሩ ሲነካ ምን ያህል እንደሚቆጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። ተመልካች ተመልካችን መገሠጽ የለበትም። ይህ የቤቱ ሥራ ነው።

ቤቱ ሥራዬ ብሎ ሲይዘው ደግሞ ይቻላል። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ አላሞ ድራፍትሃውስ የተባለ ሲኒማ ቤት በዚህ ሥርዓቱ ስም አወጣ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሕጉ በመጋረጃው ላይ ይነገር ነበር፤ የተረበሸ ተመልካች አጠገቡ ካለው ሰው ጋር አይጣላም ነበር፤ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፣ ሠራተኛው አንብቦ ረባሹን አንድ ጊዜ ያስጠነቅቅ፣ ካልሰማ ያስወጣ ነበር። ገንዘቡም አይመለስለትም ነበር። በዚህ ምክንያት ተመልካች አልሸሸውም፤ ብዙው እንዲያውም የሚሄደው ለዚህ ነበር።

እኛ ይህን ከቴክሳስ መማር አያስፈልገንም፤ ከማኅበር ቤታችን ማምጣት እንችላለን። የምለምናችሁ ይህን ነው። እያንዳንዱ አዳራሽ ፊልም በሚያሳይበት ሰዓት ሁሉ ውስጥ የሚቆም አንድ አስተናባሪ ይኑረው። ሽማግሌ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቃሉ የሚከበር፣ ድምፁ የለዘበ። ትንሽ ባትሪ ይያዝ፤ ብርሃኗን ወደ ሰው ፊት ሳይሆን ወደ መሬት እያበራ የዘገየውን ያስቀምጥ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ፊት ለፊት ቆሞ በአፉ ይናገር። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማንም አያነብም፤ ቢነበብም እንደ አባቴ ላሉት አይደርስም። "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ዛሬ የቤቱ ሙሴ እኔ ነኝ፣ የተቸገረ ወደ እኔ ይምጣ" ይበል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ግማሹን ሥራ እንደምትሠራ አልጠራጠርም። ሰው ባለቤት ያለው ቤት ውስጥ ነውር አይሠራም።

ሹክሹክታን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፤ ይህ የእኔም ጉዳይ ነው። ለአባቴ አንዳንድ ቦታ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመለስ ግራ ገብቷቸው ነበርና። ፊት ለፊታችን የነበረች ሴት ሁለት ጊዜ ዞራ አየችን፤ ትክክል ነበረች። ለአረጋዊ የሚያስረዳ፣ የውጭ ፊልም ሲሆን ለማያነብ ሰው የሚተረጉም፣ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ እነዚህ ሁሉ መምጣት አለባቸው። አንድ ጎን፣ አንድ ረድፍ ይለይላቸው። ሌላውም ያንን እያወቀ ይቀመጥ።

የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ስለ ቤቱ ንጽሕና፣ ስለ መውጫው በርና ስለ እሳት ማጥፊያው እንደምትጨነቁት ሁሉ፣ በጨለማው ውስጥ ማን ኃላፊ እንደሆነም ጠይቁ። በየወረዳው ከተማ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት አግዳሚ ደርድረው የሚያሳዩትን ቪዲዮ ቤቶችም አትርሱ፤ የገጠሩ ልጅ ፊልም ማየት የሚለምደው እዚያ ነው፣ ጎንደር ሲገባም ይዞት የሚመጣው የእዚያን ልማድ ነው።

ጎንደር የሲኒማ እንግዳ አይደለችም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ፒያሳን ሲሠራ ሲኒማ ቤትም አብሮ ሠርቷል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ፊልም ቤቶች አንዱን ሰው "የሰይጣን ቤት" ብሎ ፈርቶት ነበር። ሕዝቡ ፍርሃቱን አልፎ፣ ወራሪው የተወውን ቤት የራሱ አድርጎ፣ በገዛ ቋንቋው ፊልም እስኪያይበት ድረስ ስንት ትውልድ ሄደ። ዛሬ ሰው ቤቱ ተኝቶ በስልኩ ፊልም ማየት እየቻለ ተነሥቶ፣ ለብሶ፣ ከፍሎ የሚመጣላችሁ ሌላ የትም የማያገኘውን ስለሚፈልግ ነው። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ማልቀስ ይፈልጋል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከአባቴ ጋር ብዙ አላወራንም። መኪናው ሞልቶ እስኪነሣ ጠበቅን። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ብርዱ በመስኮቱ መግባት ጀመረ፤ አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። የተኙ መስሎኝ ነበር። ኮሶዬ ልንደርስ ስንል፣ ገደሉ በስተግራችን በጨለማ ተውጦ፣ ቀስ ብለው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ያቺ እናት ልጇን ጠርታ በጆሮው ያለችው ምን ነበር?"

እኔም አልሰማሁትም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮሶዬ፣ ወገራ